ሜዳሊዮን ሁሉ አንድ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ስለ ቤልጂየም የመጀመሪያ ቴምብሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ፎቶው ግን ሌላ ነው። «የመጀመሪያው ቴምብር» ብላችሁ ያተማችሁት ሜዳሊዮን የሚባለውን ነው። መጀመሪያ የወጡት ኤፖሌቶቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1849 የወጡት ሁለት ናቸው፦ ቡናማው ባለ 10 ሳንቲምና ሰማያዊው ባለ 20። ቀዳማዊ ንጉሥ ሊዮፖልድ የጦር ልብስ ለብሰው ይታያሉ። ሥዕሉ አራት ማዕዘኑን ሞልቶታል፤ የትከሻቸው ጌጥም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ሜዳሊዮኑ ላይ ንጉሡ ሞላላ ክብ ውስጥ ናቸው። ይህን ለመለየት አጉሊ መነጽር እንኳ አያስፈልግም።

«1849 ከሆነ ኤፖሌት ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የወጣው ቀዩ ባለ 40 ሳንቲም ሜዳሊዮን ነው። ባለ 40 ኤፖሌት ልሽጥላችሁ የሚል ካጋጠማችሁ ዞር በሉ።

ጣጣው ሜዳሊዮኖቹን እርስ በርስ መለየት ነው። በፊት ለፊት መንታ ናቸው። ቀለሙን አትመኑ፤ ፀሐይም ውሃም ይለውጠዋል። እኔ ቴምብሩን ጥቁር ሳህን ላይ በፊቱ እደፋና የላይተር ቤንዚን ጠብ ጠብ አደርግበታለሁ። (መስኮት ተከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ። ሲጋራ የያዘ ሰው ካለ ውጣልኝ ነው የምለው።) ወረቀቱ ሲርስ የውሃ ምልክቱ፣ ማለትም ወረቀቱ ሲሠራ ውስጡ የተቀረጹት የተጠላለፉ ሁለት የኤል (L) ፊደሎች፣ ጠቆር ብለው ብቅ ይላሉ፤ የሊዮፖልድ የስሙ መነሻ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አገኘሁት!» ብሎ ይነሳል። ገና ነው። ዓይናችሁን ወደ ጠርዙ ውሰዱ። ፊደሎቹን የከበበ ቀጥ ያለ መስመር ካለ ቀደምቱ ነው፤ 40ው የ1849፣ 10ና 20ው የ1850። ከሌለ ከ1851 ጀምሮ የመጣው ነው። ወረቀቱ ሲታተም ተንሸራቶ ከሆነ መስመሩ ወደ መሃል ሊገባ ስለሚችል መላውን ጀርባ ቃኙ። ቤንዚኑ ቶሎ ይደርቃል፤ ደግሞ ማርጠብ ነው።

የውሃ ምልክቱ ጭራሽ ከሌለ 1861 ደርሰናል። አረንጓዴው ባለ 1 ሳንቲም የተጨመረው ያኔ ነው። በ1863 ደግሞ ጠርዙ ጥርስ አወጣ፤ ቴምብሮቹን ለመገንጠል ዙሪያቸው ተበሳ ማለት ነው። አጭበርባሪም ሥራ አገኘ፤ ጥርሱን በመቀስ ይከረክምና «የ1861 ነው» ይላችኋል። በአራቱም በኩል ሰፋ ያለ ነጭ ህዳግ ከሌለው እኔ አልገዛም። የውሃ ምልክት ኖሮት ጥርስ ያለው ካጋጠማችሁም ጥርሱን ጠርጥሩ፤ የ1863ቱ ምልክት በሌለው ወረቀት ነው የታተሙት።

ማኅተሙም ይረዳል። መጀመሪያ የፖስታ ቤቱ ቁጥር በመስመሮች መሃል ነበር፤ የብራሰልስ 24 ነበር። ከ1864 ጀምሮ በነጠብጣብ በተሠራ ሰያፍ አራት ማዕዘን ውስጥ ገባ። ነጠብጣቡ ያረፈበት «የ1861» ሜዳሊዮን ካያችሁ፣ የተላከው ጥርሳሞቹ ገበያ ላይ ከዋሉ በኋላ ነው። ሊሆን አይችልም አልልም፤ መቀሱን ግን አስቡ።

እርማት ስታወጡ እባካችሁ የጀርባውን ፎቶም አትሙልን። የጻፋችሁት ዋጋስ የየትኛው ነው? ባለ መስመሩ፣ መስመር የሌለው ወይስ ምልክት አልባው? ሳትለዩ አንድ ዋጋ ስትጽፉ፣ ሻጭ ጋዜጣውን ይዞ ይመጣብናል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የሒሳብ ሠራተኛና ቴምብር ሰብሳቢ አንባቢያችሁ