የካዴት ፕሮግራሙ በፈቃድ ይሁን፣ ያለ መሣሪያም ይሁን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ለጎንደር ወጣቶች በፈቃደኝነት የሚገቡበት የካዴት ፕሮግራም፣ ማለትም ተማሪዎች ዩኒፎርም ለብሰው በቡድን ሥነ ሥርዓትና የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚለማመዱበት ሥልጠና፣ ቢቋቋም ደስ ይለኛል። ሥነ ሥርዓትና የዜግነት ኃላፊነት በንግግር ብቻ አይለመድም፤ ልጆች አብረው ሲሠሩ ነው የሚለመደው።

«የዘንድሮ ልጅ ሥርዓት የለውም» የሚለውን ወቀሳ ግን አልቀበልም። ለከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ማየት ይበቃል። መንገዱን የሚጠርጉት፣ ምንጣፉን ከኋላ እያነሱ ከፊት የሚያነጥፉት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን የሚያስተናግዱት የሰፈር ልጆች ናቸው። አበል የለ፣ አስገዳጅ የለ። የደከመ ሽማግሌ ደግፈው ያሻግራሉ። የቃና ዘገሊላው ሚካኤል ከገባ በኋላ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ያንን ጉልበት ዓመቱን ሙሉ የሚይዝ ነገር የለንም።

ሥራ ሞልቷል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው፤ የውኃ ችግራችንን ደግሞ ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቹ ከግድቡ በላይ ባለው ተፋሰስ እርከን ቢሠሩ፣ ችግኝ ቢተክሉ፣ የተከሉትንም በበጋ ቢንከባከቡ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ የሚያስተምርም አናጣም። ዩኒቨርሲቲያችን እኮ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎችን ለገጠር ለማሠልጠን የተከፈተ ኮሌጅ ነበር። የአዘዞው፣ የማራኪውና የአዲስ ዓለሙ ልጅ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በአንድ ቡድን ቢሠለጥኑ ደግሞ ሲያድጉ አይራራቁም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በአካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ብዙ እናት ልጇን ቀብራለች። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ተሰልፈው ስታይ ብትደነግጥ ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ መሣሪያ በሥልጠናው ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ለማሳያም ቢሆን። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው ብሔራዊ የካዴት ኮር የተማሪዎች ነው። የሚገቡት በፈቃዳቸው ነው፤ ሲጨርሱም ወታደር የመሆን ግዴታ የለባቸውም። እንዲያም ሆኖ የመሣሪያ ሥልጠና አለበት፤ ያንን እኛ መውሰድ የለብንም።

ፈቃድ ስል የምር ፈቃድ ማለቴ ነው። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተው ነበር። ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል፣ ጉድጓድ ቆፍረዋል። ግን አልዘምትም ያለ ትምህርትም ሥራም ይከለከል ነበር። ብዙዎቹም መሐል ላይ ጥለው ተመለሱ። ልጅን አስገድዶ ኃላፊነት ማስተማር አይቻልም።

ምዝገባው በትምህርት ቤት ይሁን፣ ወላጅም ይፈርምበት። መውጣት የፈለገ ልጅ በነጋታው ይውጣ፤ ውጤቱም አይነካ። የተመዘገቡት ልጆች ስም ዝርዝር ከትምህርት ቤቱ አይውጣ፤ ለፓርቲም፣ ለየትኛውም ታጣቂ ወገን አይሰጥ። ይህ በጽሑፍ ከተረጋገጠልኝ የራሴን ልጅ ይዤ ለምዝገባ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ወላጅ፣ ከጎንደር