የነን ካፌ ተማሪዎች የምግብ ገንዘብ ወሩ ሳይገባ ይድረሳቸው

ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ በዩኒቨርሲቲው ካፌ ከመመገብ ይልቅ የምግብ ገንዘቡን ተቀብለው ከካፌ ውጭ ለሚመገቡ (ነን ካፌ) ተማሪዎች የሚፈጸመውን ክፍያ ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

በ2017 ዓ.ም. የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ማደጉ ለተማሪው ትልቅ እፎይታ ነበር። በ30 ቀን ሲሰላ 660 ብር የነበረው 3,000 ብር ሆኗል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ወጥቶ ተማሪው እጅ እስኪገባ የሚወስደው ጊዜ የጭማሪውን ጥቅም እየበላው ነው። የምንጽፍልዎትም ስለዚሁ ነው።

ይህ ገንዘብ ብድር መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ድርሻውን እንደሚመልስ ውል ይፈርማል፤ ሥራ ሲይዝም ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። የኅዳርን የምግብ ገንዘብ በጥር ቢቀበልም ከዕዳው አንዲት ሳንቲም አትቀነስለትም። በመሃል ያሉትን ሁለት ወራት ደግሞ በዱቤ ይበላል፤ ዱቤ የሚሰጠው ካጣ ከቤተሰብ ያስልካል፤ ሁለቱም ካልሆነለት በቀን አንዴ በልቶ ያድራል።

የአሠራሩ መስመር በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። ተማሪው በምዝገባ ሳምንት የነን ካፌ ቅጽ ሞልቶ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን ይሰጣል። የተማሪዎች አገልግሎት ዝርዝሩን ከሬጅስትራር (ከተማሪዎች መዝገብ ክፍል) ጋር ያመሳክራል፣ ፋይናንስ ፔሮል (የክፍያ ዝርዝር) ይሠራል፣ ኃላፊው ያጸድቃል፣ ከዚያም በደብዳቤ ወደ ባንክ ይሄዳል። ከአንድ ሳምንት በላይ የሚፈጅ ሥራ አይደለም። ሆኖም ዝርዝሩ የሚዘጋው የመጨረሻው ተማሪ ተመዝግቦ ሲያልቅ ነው። በቅጣት የሚመዘገበው፣ ትምህርቱን አቋርጦ (ከዊዝድሮዋል) የሚመለሰውና ትምህርት ክፍል የሚቀይረው ሁሉ ይጠበቃል። በመጀመሪያው ቀን የተመዘገበው ተማሪም ከእነሱ ጋር አብሮ ይጠብቃል። ምዝገባው በተጀመረ በአምስተኛው ቀን አንደኛው ዝርዝር ተዘግቶ ይከፈል፤ ዘግይተው የመጡት በተጨማሪ ፔሮል ይከተሉ። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሁለት ፔሮል መሥራት ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን ባንኩ ጋ ከደረሰ በኋላ የሚፈጠረው ነው። የንግድ ባንክ ሒሳብ ቁጥር 13 አኃዝ አለው። በኤክሴል ሲሞላ ዓምዱ አስቀድሞ በጽሑፍ መልክ ካልተዘጋጀ ፕሮግራሙ ረጅሙን ቁጥር አሳጥሮ ያሳየዋል፤ ፋይሉ ወደ ሲኤስቪ (ተራ የጽሑፍ ፋይል) ሲቀየር የሚቀመጠው ያጠረው ይሆንና የመጨረሻዎቹ አኃዞች በዜሮ ይተካሉ። አንድ ሰው ይህችን ነገር ካላስተዋለ የአንድ ትምህርት ክፍል ዝርዝር በሙሉ ተመላሽ ይሆናል። ስምም እንዲሁ ነው። ኃይለሚካኤል በእንግሊዝኛ ፊደል ባንኩ ጋ አንድ ቃል፣ ሬጅስትራሩ ጋ ሁለት ቃል ሆኖ ይገኛል። የአያት ስም አንዱ ጋ ተጽፎ ሌላው ጋ ተትቷል። የወንድሙን ወይም የእናቱን ሒሳብ የሰጠ ተማሪም አለ፤ ሒሳቡ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቀርቶ የታገደበትም እንዲሁ።

ስህተት በየትም ይኖራል። ተማሪውን የሚጎዳው ስህተቱን ማንም የማይነግረው መሆኑ ነው። ተመላሽ የሆነው ብር በጥቅሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሒሳብ ይመለሳል፤ የማን እንደሆነ ተለይቶ እስኪታረም ቀጣዩ ወር ይደርሳል። ተማሪው ፋይናንስ ሲጠይቅ ወደ ባንክ፣ ባንክ ሲጠይቅ ወደ ፋይናንስ ይላካል። የፈተና ሰሞን ከሆነ ደግሞ መመላለሱን ትቶት ይቀራል።

ስለዚህ ከክፍያው 15 ቀን ቀደም ብሎ ለእያንዳንዱ ሒሳብ 1 ብር ተልኮ ይፈተን፤ ያልገባለት ተማሪ በመታወቂያ ቁጥሩ ተለይቶ ምክንያቱ በአጭር መልእክት ይላክለት፤ ተመላሽ የሆነ ክፍያ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ታርሞ ለብቻው ይከፈል። ባንኮች አዲስ ሒሳብ ለመክፈት የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያን እየጠየቁ ስለሆነ፣ ሬጅስትራሩም ስሙን ከፋይዳ ቢወስድ የፊደል ልዩነቱ ከምንጩ ይደርቃል።

ክፍያው እስኪገባ ተማሪው ለምን ካፌ አይመገብም የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ነን ካፌ የሆነ ተማሪ የካፌ መመገቢያ ካርዱ ተዘግቷል፤ ሴሚስተሩ ሳያልቅም መቀየር አይፈቀድለትም። ፋይናንስ እዚህ ላይ የሚፈራው ድርብ ክፍያ ተብሎ የኦዲት ግኝት እንዳይወጣበት ነው፤ ስጋቱም ትክክል ነው። መፍትሔው ጊዜያዊ ካርድ ሰጥቶ የተመገበባቸውን ቀኖች መቁጠርና በቀን 100 ብር ከሚከፈለው መቀነስ ነው። 12 ቀን ካፌ የበላ ተማሪ 1,800 ብር ይደርሰዋል። ገንዘቡ ከአንድ የምግብ በጀት የሚወጣ በመሆኑ ሒሳቡ አይዛባም።

ለገንዘብ ሚኒስቴርም የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በግንቦትና በሰኔ ተመላሽ የሆነ ክፍያ ከመዘጊያው በፊት ካልታረመ በአዲሱ ዓመት መልሶ ለማውጣት ረጅም መጻጻፍ ይጠይቃል። ተመራቂው በዚያን ጊዜ ግቢውን ለቆ ሄዷል። የተማሪ የምግብ ገንዘብ ከሌላው የሥራ ማስኬጃ ተለይቶ ለሦስት ወር በቅድሚያ ቢለቀቅ፣ የሰኔው ክፍያም እስከ ሰኔ 10 ተጠናቆ ቢያልቅ ይህ አይፈጠርም።

በመጨረሻም የወጪ መጋራት ውሉ ራሱ ይስተካከል። በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ያቋረጠ ተማሪ የፈረመው የሙሉ ዓመት ወጪ ነው። በትክክል የተቀበለው ተሰልቶ ካልታረመለት ያልበላው ምግብ ዕዳ ሆኖ ይከተለዋል፤ ይህን የሚያውቀው ደግሞ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ የመሆን ማረጋገጫ) ሲጠይቅ ነው። ተማሪው በየሴሚስተሩ መጨረሻ የተከፈለውን ከነቀኑ የሚያሳይ አንድ ገጽ ይሰጠው፤ አይቶ ይፈርምበት፤ ቅጂውም በእጁ ይቅር።

ከላይ ያቀረብናቸው ነጥቦች ከሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ በፊት በመመሪያ ወይም በሰርኩላር ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች እንዲተላለፉ እንጠይቃለን። የ1 ብሩ ሙከራና በሁለት ዝርዝር መክፈል ያለ ተጨማሪ የሰው ኃይል በዚያው ምዝገባ መጀመር ይችላሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በተማሪዎች አገልግሎትና በፋይናንስ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች