ክረምት ሳይገባ ወርክሾፑን ቆርቆሮ እናልብሰው፦ የድጋፍ ጥሪ

በደብረ ብርሃን፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ያላችሁ የመንዝ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ወሬውን ሰምታችኋል። በሚያዝያ የተነሣው ነፋስ ተማሪ ልጆቻችን ሙያ የሚለማመዱበትን የወርክሾፑን ጣሪያ ገንጥሎ ኳስ ሜዳው ላይ ጣለው። ሌሊት ስለነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ጠዋት ስንደርስ ልጆቹ ቀድመውን የብየዳ ማሽኑን በላስቲክ ሸፍነውታል። አንዱ ጋቢውን ጄኔሬተሩ ላይ ጥሎ እሱ በሸሚዝ ቆሟል። የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ።

ደክሞናል፣ አንደብቃችሁም። ያለፈው መዋጮ ግማሽ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ግን መተው አልቻልንም፦ በአገር ደረጃ 12ኛ ክፍል ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበር። የቀሩት የእኛ ልጆች ለቀን ሥራ ሲሰደዱ ዓይናችን አይቷል።

ትምህርቱ በፈረቃ፣ ግማሽ ቀን መሆኑን የተጠቀምንበትም ለዚሁ ነው። ልጁ ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት ወርክሾፕ ይገባል። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ አናጺ፣ ብረት ሠሪ ወይም ጋራዥ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ይሠራል፤ ይከፈለዋልም። በነጻ ላሠራ ለሚል ባለሙያ ልጅ አንሰጥም። ከ15 ዓመት በታች አንወስድም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም አይፈቅድም። ጀርመኖች ባለሙያ የሚያፈሩት እንዲህ ነው፦ ወጣቱ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ድርጅት ውስጥ እየተከፈለው ይሠራል፣ በቀረው ቀን ይማራል።

የትምህርት ቤቱን የተሰባበሩ ዴስኮች የጠገኑት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ከገጠር ስንቅ ተሸክማ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር የ11ኛ ክፍል ልጅ አለች። አባቷ ኪራዩን በግ እየሸጡ ነበር የሚከፍሉላት። ከጥቅምት ወዲህ ራሷ ትከፍላለች።

«ጄኔሬተር ከምትገዙ ጣሪያውን ባጠነከራችሁት» ያላችሁንም ሰምተናል። መብራት ሦስት ቀን ሲጠፋ ብየዳ የለም፤ ብየዳ ደግሞ በወሬ አይለመድም። ገንዘቡ አልባከነም። የእኛ ጥፋት እንጨቱ ላይ ነው። ማገሩ እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ሲደርቅ ምስማሩን ለቀቀ። አሁን የደረቀ እንጨት እናስገባለን፣ በብረትም እናስረዋለን። ደረሰኙ በሙሉ ጸሐፊው ዘንድ አለ፤ መጥታችሁ እዩ።

የጎደለን 80 ቆርቆሮ፣ እንጨትና ምስማር ነው። ጉልበቱን በደቦ እንችለዋለን፤ እድሮቹ ቃል ገብተዋል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲሠራ እጃችሁ ታጥፎ አያውቅም። ልጅን በሙያ ማቆምም በፈጣሪ ዘንድ የሚቆጠር ነው።

ገንዘቡን የምታስገቡት በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ባለፈው የሰጠናችሁ ነው፤ አልተቀየረም። ሦስት ሰው ካልፈረመ ብር አይወጣም። እባካችሁ በግለሰብ ስም አታስገቡ፤ «ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል ቢደውልም አትመኑ። ካስገባችሁ በኋላ የደረሰኙን ፎቶ ላኩልን፣ መዝገብ ላይ እናሰፍረዋለን።

ደቦ የምንወጣው በሰኔ ሚካኤል ማግስት ነው። ቆርቆሮው ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ሂሳቡ በኮሚቴው ስም ያለው፣ ያው የቀድሞው ነው።