ክረምቱን ፊደል ለሚያስቆጥሩ አባቴ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔም ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። በስልክ «ለሰፈሩ ልጆች በክረምቱ ፊደል ላስቆጥር ነው» ብለው፣ አስከትለው «አስተማሪ ሁሉ ያስተምራል፤ ጥቂቱ ብቻ የሚታወሰው በምኑ ነው?» ሲሉኝ ቶሎ መልስ አላገኘሁም። መምህራን ማሠልጠን እንጀራዬ ሆኖ ሳለ በሁለት ቃል ማለፉም ስለከበደኝ ይኸው ጻፍኩልዎ።

በእኔ ግምት የሚታወሰው አንደበተ ርቱዑ አይደለም። ልጁ የቱ ጋ እንደጠፋ ለይቶ የሚያይ ነው። «አይገባህም» የሚለውን ሰው ልጅ ይሸሸዋል፤ «እስከ ጊ ደርሰሃል፣ የሳትከው ዳን ነው» የሚለውን ግን ይከተለዋል።

የጥንቶቹ የኔታዎች ለዚህ መላ ነበራቸው። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ ፊደል የለየ ይመስላል፤ ያወቀው ግን ጆሮው ነው። መጠቆሚያው ስንደዶ ለ ላይ ቆሞ አፉ ሊ ላይ ደርሷል። አቡጊዳ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ሲባል ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚቀያየር የሀሁ ዜማ አያድነውም፤ ማየት ግድ ይሆንበታል። እርስዎም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ገበታውን ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያስነብቡ። እያንዳንዱ ልጅ የሳተውን ፊደል በስሙ ትይዩ ደብተር ላይ ይያዙ። የነገው ትምህርት የሚጀመረው ከዚያ ነው።

የሚሰናከሉበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቃል። ካዕብ (እንደ ሉ) ቅጥሉ ወገቡ ላይ፣ ሣልስ (እንደ ሊ) እግሩ ላይ ነው፤ ኃምስ (እንደ ሌ) ቀለበት ያበጃል። እንደ ሩና ሪ ካሉት አፈንጋጮች በቀር ልጅ ይህን ቶሎ ይይዛል። ሳድስ ግን ወጥ ምልክት የለውም፤ ል፣ ን፣ ት፣ ስ ጎን ለጎን ቢጻፉ የሚያዛምዳቸው ነገር አይገኝም። ይባስ ብሎ አማርኛ በሳድስ የተሞላ ነው፤ «ትምህርት» የሚለው ቃል ራሱ አምስቱም ፊደሎቹ ሳድስ ናቸው! ስለዚህ ለሳድስ ከሌላው እጥፍ ጊዜ ይስጡት። ሳብዕም (ሎ፣ ኖ፣ ቶ) እንዲሁ መላ ቅጡ የጠፋ ነው።

ጊዜ የሚቆጥብልዎት ደግሞ ይህ ነው። ከ33ቱ ፊደላት 26ቱ ከግዕዝ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ ከሰ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ዘ፣ ደ፣ ጠ ላይ ምልክት እየተጨመረ የወጡ ናቸውና እናት ፊደሏ በደንብ ሳትለይ ልጅ ፊደሏን አያምጡ። ሠንና ሰን፣ ሐንና ኀንም በአንድ ቀን አያስተምሩ፤ አንዱ ሥር ከሰደደ በኋላ ሌላው ይምጣ። ሐምሌና ነሐሴ 60 ቀን ናቸው፤ በሳምንት አምስት ቀን ቢያስተምሩ 43 ቀን ገደማ ያገኛሉ። ሦስት ቀን አዲስ፣ አራተኛውን ቀን ክለሳ ያድርጉት። ክለሳ የሚዘል አስተማሪ ነሐሴ ላይ የሐምሌውን እንደ አዲስ ያስተምራል። ቡሄ ሲደርስ ደግሞ ማን ይመጣል ብለው ነው?

ሲጠይቁ መጀመሪያ ጥያቄውን፣ ቀጥሎ ስሙን ይጥሩ። ስሙ ከቀደመ የቀሩት ልጆች ማሰብ ያቆማሉ። ከዚያ ዝም ይበሉ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታጠና፣ አስተማሪዎች ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰኮንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ ወደ ሦስት ሰኮንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት መልሱ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። እርስዎ መጠበቅ እንደማይወዱ አውቃለሁ፤ በልብዎ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ይጀምሩ፣ ሳይጨርሱ ልጁ ይመልሳል።

«ጎበዝ» ብቻ ብለው አይለፉ። «ሩን ስተህ ራስህ መለስከው» ሲባል ልጁ ምን እንደሠራ ያውቃል።

የአለንጋና የኩርኩም ነገር፣ አባባ፣ ይቅርብዎ። የሚቆጡኝ ቢሆንም እላለሁ። የፈራ ልጅ ስህተቱን ይደብቃል፤ ከጓደኛው አፍ እየቀማ አብሮ ይጮኻል፣ እርስዎም የቱ ጋ እንደጠፋ አያዩም። ድምፅ የማያሰማውን ልጅ ብቻውን ጠርተው በሚያውቀው ፊደል ያስጀምሩት።

ማንበብ ከጀመሩ በኋላ አንድ ወጥመድ አለ። መጥበቅና መላላት አይጻፍም፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ይገኛል ማለት ነው። ልጁ ቢስተው ከማረም በፊት ዓረፍተ ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያቃናዋል።

በመጪው ሳምንት በሚመጣው ሰው እጅ ሁለት ትልልቅ የፊደል ገበታና አንድ ካርቶን ጠመኔ እልክልዎታለሁ። ገበታውን በልጆቹ ዓይን ልክ ይስቀሉት እንጂ በእርስዎ ቁመት አይሁን። መነጽርዎንም ሳይጀምሩ ያስለኩ።

እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ