የፈጠራ ክበብ፦ ጀሶ የበዛበት ዓመት

በ2017 ዓ.ም. መስከረም ለምዝገባ ከመጡት ተማሪዎች አብዛኞቹን የሳባቸው ካርቦን ፋይበር የሚለው ስም ነው፤ ከቀጫጭን የካርቦን ክሮች የተሸመነ ጨርቅ ሲሆን፣ ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ጠጥቶ ሲደርቅ ቀላልና ጠንካራ ዕቃ ይሆናል። የአንድ አባላችን አጎት ከጀርመን ሲመጣ በሻንጣው ሁለት ሜትር ጥቁር ጨርቅ ይዞልን ገብቶ ነበር። ወሬው ክረምቱን ሙሉ ሲዞር ከርሞ ትምህርት ሲከፈት ክበባችን ውስጥ ወንበር ጠፋ። እስከ ኅዳር ድረስ ግን ከጀሶ በቀር ምንም ስላልታየ፣ ወንበሩ ተመልሶ ተገኘ። የቀሩት ናቸው ይህን ሥራ የሠሩት።

ምን እንሥራ በሚለው ብዙ አልተከራከርንም። ድሮን ያሉ ነበሩ። ነገር ግን የትምህርት ቤታችን ተላላኪ የሚነዱት ሞተር የፊት ፓራፋንጎው ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሮ ነው የከረመው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጭቃው ደረታቸው ላይ ያርፋል። ፓራፋንጎ ደግሞ ለጀማሪ አንድ ጥቅም አለው፦ ቅርጹን ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም። የተሰነጠቀውን ገጥመን፣ ክፍተቱን በስቱኮ ሞልተን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ሰም ቀብተን ጨርቁ የሚነጠፍበት ፎርማ (ቅርጽ ማውጫ) እንዲሆነን ጀሶ አፈሰስንበት።

ጀሶው ሲጠነክር ፓራፋንጎው አልወጣም አለ። ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ የፎርማው አፍ ከሆዱ ይጠብባል። ሰፈራችን ካለ ጋራዥ አንድ ባትላሜራ ጠርተን ብናሳያቸው ሳቁና «ልጆቼ፣ በገባበት የማይወጣ ነገር ለሁለት ነው የሚከፈለው» አሉን። ቀጣዩን ፎርማ በእሳቸው ምክር ሠራን። በፓራፋንጎው ወገብ ላይ በሸክላ ጭቃ ግድግዳ አቆምን፤ አንዱን ጎን አፍስሰን ጭቃውን አነሳንና የጀሶውን ጠርዝ ቫዝሊን ቀብተን ሌላውን ጎን አፈሰስን። ጀሶው እንዳይሰበር በመካከሉ ቃጫ አስገባንበት፤ ሁለቱ ግማሾች የሚገጠሙት በብሎን ነው።

ጀሶ ሲባል ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያነሱት ከእንጀራ ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ የተባለውን ዜና ነው፤ ቀልዱ እስከ ሰኔ አላለቀም። እኔ ግን ከዓመቱ ሥራ በጣም የወደድኩት ይህንኑ ዱቄት ነው። ጀሶ ከመሬት ሲወጣ በውስጡ ውሃ የያዘ ድንጋይ ነው። 150 ዲግሪ ገደማ ሲጋገር ከውሃው ሦስት አራተኛውን ይለቅና ዱቄት ይሆናል፤ ባልዲ ውስጥ ውሃ ሲያገኝ የተወሰደበትን መልሶ ይይዝና እንደገና ይደነድናል፣ በዚያውም ይሞቃል። ኬሚስትሪ መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር የሚታለፈውን ነገር ልጆቹ የባልዲውን ጎን እየዳሰሱ አዩት። አንድ ቀን ሁለተኛው ቅይጥ ገና ሳይፈስ ባልዲው ውስጥ ጠጠረ። ዱቄቱ ያው፣ ውሃው ያው። ጥፋቱን ሻጩ ላይ ሊያላክኩ ሲሉ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ባልዲው አለመታጠቡን አየች። ከመጀመሪያው ዙር የቀረው ፍርፋሪ ለአዲሱ እንደ እርሾ ሆኖት ነበር፤ አስቀድሞ የተሠራ ክሪስታል ካለ አዲሱ በእሱ ላይ ቶሎ ቶሎ ያድጋል።

ይህችው ተማሪ ታኅሣሥን ሙሉ ፎርማውን ፀሐይ ላይ እያሰጣች በየጠዋቱ እየመዘነች ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ነው ደረቀ የሚባለው። ምድጃ ውስጥ ይግባና ይገላገል ያሉ ነበሩ፤ ጀሶ ከ50 ዲግሪ ብዙ ሲያልፍ ግን የያዘውን ውሃ እንደገና መልቀቅ ስለሚጀምር ፊቱ ይፈረፈራል። ደረቅ ጀሶ ሬዚንም ይጠጣል። ስለዚህ በቀጠነ ቬርኒሽ ደጋግመን ቀባነው፣ በየመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸነው፣ ከዚያ የመኪና ሰም ቀብተን ወለወልነው። ጥር በፈተና አለፈ።

ካርቦኑን ከመንካታችን በፊት በየጋራዡ የሚሠራበትን ፋይበር ግላስና ፖሊስተር ሬዚን ተለማመድን። ባትላሜራው ሬዚኑን የሚያጠነክረውን ሃርድነር የሚጨምሩት በዓይናቸው መጥነው ነው፤ ሲቸኩሉ ከፍ ያደርጉታል፣ ይሠራላቸዋልም። ለካርቦኑ በያዝነው ሬዚን፣ በኢፖክሲ ላይ፣ ይህ አይሆንም። በፖሊስተር ሃርድነሩ ቀስቃሽ ብቻ ሲሆን በኢፖክሲ ግን የዕቃው አካል ነው። የገዛነው ቆርቆሮ በክብደት ለ100 ሬዚን 30 ሃርድነር ይላል፤ 40 ቢጨመር ትርፉ የሚያያዘው ስለማያገኝ ዕቃው በደንብ አይጠነክርም። ስለዚህ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን እንጂ በማንኪያ መለካት ተከለከለ። ጓንት የማያደርግም ከክፍል ይወጣል፤ ኢፖክሲ ቆዳን አንዴ ካስቆጣ በኋላ አለርጂው ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል።

ሚያዝያ ላይ ጨርቁን ቆረጥን። ክሩ እንዳይበተን መቁረጫው መስመር ላይ አስቀድሞ ፕላስተር ይለጠፋል። ቀጥ ብሎ ሲነጠፍ ኩርባው ላይ ይሸበሸባል፤ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ሲዞር ግን ክሮቹ እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ቅርጹን ይከተላሉ። ኢፖክሲ እያጠጣን ሦስት ድርብ አነጠፍን። ፎርማውን እንዳለ በወፍራም ፕላስቲክ ጠቅልለን፣ ፍሪጅ የሚጠግኑ አንድ ወላጅ በሰጡን የፍሪጅ ኮምፕሬሰር አየሩን መጠጥን። ከላይ ብቻ ቢሸፈን ኖሮ አየር በጀሶው ቀዳዳዎች ስለሚገባ ቫኪዩም አይይዝም።

ከዚህ ጋር የፊዚክስ ጥያቄ መጣ። ፕላስቲኩን የሚጫነው የውጭው አየር ነው፣ የእኛ አየር ደግሞ ሳሳ ያለ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሰው በአንድ ካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል ጫና ሊያገኝ ይችላል፤ አዲስ አበባ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኮምፕሬሰሩ የቱንም ያህል ቢጎብዝ ከሦስት አራተኛው ብዙ አይበልጥም። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቦሌ የሚያርፈው ቦይንግ 787ስ እንዴት ተሠራ ብሎ ጠየቀ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ይህ አውሮፕላን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት፣ ማለትም እንደ እኛው ፓራፋንጎ ክርና ሬዚን የተዋሃዱበት ዕቃ ነው። አካሉ የሚበስለው ግፊትና ሙቀት አብሮ በሚሰጥ ትልቅ ምድጃ ውስጥ ስለሆነ ለአየሩ ከፍታ ግድ የለውም።

ፓራፋንጎው ሲወጣ ጫፉ ላይ ጥቂት የአየር ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ ጀርባው ግን እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ጠርዙን ማስክ አድርገን ውሃ እያፈሰስን ቆረጥነው። የካርቦን ብናኝ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ኮምፒውተር ክፍል አጠገብ እንዳይቆረጥ ከልክያለሁ። ሞተሩ ላይ ስንገጥመው ከአሉሚኒየም መያዣው ጋር እንዳይነካካ የላስቲክ ሮንዴላ አደረግንለት፤ ሁለቱ በዝናብ ከተገናኙ አሉሚኒየሙን ዝገት ይበላዋል።

ወላጆች በሰኔው ኤግዚቢሽን ላይ ደጋግመው የጠየቁኝ ይህ ነገር ከፋይበር ግላሱ ምን ይሻላል የሚለውን ነው። ለፓራፋንጎ ምንም ያህል አይሻልም። ጭቃ ለመከላከል ያ ሁሉ ጥንካሬ አያስፈልግም፣ ዋጋውም አይገናኝም። ልዩነቱን ያሳየነው በእኩል ውፍረት በሠራናቸው ሁለት ቁራጮች ነው። ጫፋቸው ላይ የውሃ ጠርሙስ ስናንጠለጥል የፋይበር ግላሱ ጎነበሰ፣ ካርቦኑ እምብዛም አልተነቃነቀም። ለድሮን ክንድ ወይም ለሰው ሠራሽ እግር ቢሆን ይህ ልዩነት ገንዘቡን ያወጣል። ተላላኪያችን በበኩላቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀይ ቀለም ይቀባ ወይ? ልጆቹ ሽመናው ይሸፈናል ብለው ተማጽነው አስቀሩት።

ፎርማው ሲከፈት አንድ ጥጉ ተሸርፏል፤ በጀሶ ይጠገናል። የቀረን ጨርቅ ግማሽ ሜትር ስለማይሞላ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ፋይበር ግላስ ይበዛበታል። ምዝገባ መስከረም ውስጥ ነው። ጓንት ከቤት ይዞ መምጣት ግዴታ ነው፣ ባልዲ ማጠብም በተራ ነው።