አምስተኛውን ክፍል አብረን እንጨርሰው

ሰላም ወዳጆች! ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በበጎ ፈቃድ ተሰባስበን ስለ አንድ የአውሮፕላን አደጋ የድምፅ ድራማ እየሠራን ነው። በረራው ልብ ወለድ ነው፤ አውሮፕላኑንም ተሳፋሪዎቹንም የፈጠርናቸው እኛው ነን። አደጋውን የሚያመጣው ንፋስ ግን የእውነት ነው። አራት ክፍል ቀርጸናል። አምስተኛው ላይ ስንደርስ ገንዘቡ አለቀብን፣ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

አምስተኛው ክፍል አደጋው ራሱ ነው። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ተቃርቧል፣ ከፊቱ ነጎድጓዳማ ደመና አለ። ከደመናው ሥር ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ይወርድና መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል። ማይክሮበርስት ይባላል። ስፋቱ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ የሚቆየውም ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ክፋቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ የሚያግዝ መምሰሉ ነው፤ ከፊት የሚመጣው ንፋስ አውሮፕላኑን ከፍ ያደርገዋል፣ አብራሪው ፍጥነቱ በዛ ብሎ የሞተሩን ኃይል ይቀንሳል፣ ወዲያው አየሩ ቁልቁል ይጫነዋል፣ ቀጥሎ ንፋሱ ዞሮ ከኋላ ይመጣና ክንፉ መሸከም ያቅተዋል። መሬቱ ቅርብ ነው። ጊዜ የለም።

በ1975 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የተከሰከሰውን የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 66 ያጠናው የአየር ሁኔታ ሳይንቲስት ቴትሱያ ፉጂታ ጥፋተኛው ይህ ዓይነቱ ንፋስ ነው ሲል የተጠራጠሩት ባለሙያዎች ብዙ ነበሩ። በ1985 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ የነበረው የዴልታ አየር መንገድ በረራ 191 በዚሁ ንፋስ ወድቆ 137 ሰዎች ሞቱ። ዛሬ ንፋሱን ከሩቅ የሚያዩ የዶፕለር ራዳሮች አሉ፣ አብራሪዎቹ የሚቀመጡበት ክፍል (ኮክፒት) ውስጥም ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። የእኛ ታሪክ የሚሆነው እነዚህ ከመምጣታቸው በፊት ነው።

ፍንዳታ አብዝቶ አድማጭን ማስደንገጥ ቀላል ነው። እኛ ያንን አንፈልግም። እኔ በተለይ የምፈልገው አድማጩ የዝናቡን ድምፅ፣ የሞተሩን መቀነስ፣ ከዚያ ረዳት አብራሪዋ ፍጥነቱን እየደጋገመች ስትጠራ እንዲሰማ ነው። ቁጥሩ በየጊዜው ይወርዳል። እሷ ግን አትጮኽም። ልምምዱን ባደረግንበት ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም ብለን ነው የቀረነው።

ገንዘቡ ለስቱዲዮ ኪራይና ለድምፅ ቅንብር ብቻ ይውላል። እኛ አንድም ሳንቲም አንወስድም፣ ወጪውንም ከነደረሰኙ እናሳያችኋለን። የቻላችሁትን ስጡ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። ድራማው ሲያልቅ ለሁሉም በነፃ ይለቀቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። በመካከላችሁ አብራሪ ወይም የበረራ ተቆጣጣሪ የሆነ፣ ወይም የነበረ ሰው ካለ እባካችሁ ጻፉልን። ስክሪፕቱን የሚያርምልን ሰው እንደ ገንዘቡ ያስፈልገናል፣ እሱ አይቶ ሳይጨርስ አንቀርጽም።