ለነፍሰ ጡር የሽንት ምርመራ ብቻ አይበቃም

ለአዘጋጁ፦

በእርግዝና ጊዜ ስለሚከሰት የስኳር በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። አንድ ነገር ግን ቀርቶበታል። ብዙ እናቶች ሽንታቸው ብቻ ታይቶ «ስኳር የለብሽም» ይባላሉ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። በእርግዝና ወቅት ኩላሊት የጤነኛዋንም ስኳር ወደ ሽንት ሊያሳልፍ ይችላል፤ በሽታው ያለባት ሴት ሽንት ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የሦስት ወሩን የስኳር አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራም ብቻውን አያስተማምንም። ደም ማነስ ውጤቱን ያዛባዋል፤ ደም ማነስ ደግሞ ለእናቶቻችን እንግዳ አይደለም።

የሚሻለው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ ለምርመራ ደም መስጠት ነው። በባዶ ሆድ የደም ስኳር 92 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከደረሰ እንኳ የበሽታው ምልክት ነው።

ጤና ጣቢያዎች ቢያንስ በባዶ ሆድ የሚደረገውን የጣት ደም ምርመራ በእርግዝና ክትትሉ ውስጥ ያስገቡ። ከፍ ያለባትን ለሙሉ ምርመራ ወደ ሆስፒታል ይላኩ።

አንባቢያችሁ